የጋሼ ሰይፈ ሚካኤል የምጣድ ገመድ

መቱ ውስጥ የጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ተማሪ ያልነበረ መካኒክ ካለ፣ ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ ወይ ከፊዚክስ ክፍለ ጊዜ እየፎረፈ ያደገ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምረው ጡረታ ሲወጡ የከተማውን ጋራዦች በሙሉ በተማሪዎቻቸው ሞልተው ነው የወጡት። እኔም መክብብ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራው፣ ከእነሱ አንዱ ነኝ። ለሰሚው ደስ የሚል ነገር ይመስላል። እኔን ግን አንጀቴን ያሳረረኝ ይኸው ነው።

ጋሼ ከጨረታ የገዟት አረንጓዴ አጭር ላንድክሩዘር አለቻቸው። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ሞተሯን፣ ፍሬኗን፣ ዲናሞዋን ያልፈታ መካኒክ የለም። ሁላችንም የማንነካው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ከባትሪው ተነስቶ መኪናዋን በሙሉ በሚያዳርሰው ዋና መስመር መነሻ ላይ ከስንዝር ያነሰች ቀጭን ፊውዝ ሽቦ መኖር አለባት። ሥራዋ መሞት ነው። የሆነ ቦታ መስመሩ ከብረት ተነካክቶ ኃይል ሲበዛ እሷ ቀድማ ትበጠስና ሌላውን ታተርፋለች። ለዚህም ከምትጠብቀው ሽቦ መቅጠን አለባት፤ ከግማሹም ማነስ አለባት። ወፍራም ከሆነች እሷ ትተርፍና መኪናው ይቃጠላል። በጋሼ መኪና ላይ በእሷ ቦታ የተቀመጠው ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገመድ ነው፤ ጣት ያህላል። ያስገቡት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ የፊውዝን ነገር ያስተማረህን ሰው፣ «ጋሼ፣ ፊውዙን ተሳስተዋል» ብለህ ንገራቸው እስቲ።

ባለፈው ኅዳር፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ጋሼ ክላክስ እያሰሙ የጋራዤ በር ላይ ቆሙ። ከመሪው ሥር ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። እሳቸው ሞተሩን እንኳ አላጠፉም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ትንሽ የላስቲክ ሽታ እንዳለ ነገሩኝ። በጎናቸው ባለቤታቸው አዴ ዲሪቤ ተቀምጠዋል። የአዴ ዲሪቤ ቀኝ እግር ከጉልበቱ አይታጠፍም። ከዚያች ከፍ ያለች መኪና ለማውረድ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ብብታቸውን፣ አንዱ እግራቸውን ይይዛል።

ሮጬ ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ራስ እስክነቅል ጭሱ ውስጡን ሞላው። ከዚያ እኔና ጋሼ አዴ ዲሪቤን ማውረድ ጀመርን። ለካ ሳላስበው እየቆጠርኩ ነበር። እግራቸው መሬት የነካው ሰባ ስድስት ላይ ነው። በከዘራቸው ተደግፈው ሲያስሉ ቆዩና፣ ንቦቼን እንኳ እንዲህ አላጥናቸውም ብለው ሳቁ። ሁሩሙ ውስጥ ከአባታቸው የወረሱት የቀፎ ቦታ አላቸው፤ ጋሼ በየቅዳሜው ይወስዷቸዋል። ወሩ ደግሞ ማር የሚቆረጥበት ነው። ጋሼም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ያ ጭስ እሳት ቢሆን ኖሮ እስከ ሰባ ስድስት ማን ይጠብቀን ነበር?

ሁለቱን በባጃጅ ወደ ቤታቸው ልኬ የመሪውን ሥር ፈታሁ። ዋናው መስመር ልባሱ ቀልጦ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣብቋል። በላዩ ናስትሮ ተጠቅልሏል፣ በናስትሮው ላይ ሌላ ናስትሮ። የሚያሳብደው ግን ይህ አልነበረም። በየቅርንጫፉ የተሸሸጉ ፊውዞች አገኘሁ። አንዱ ከሬዲዮው ጀርባ፣ አንዱ ከፍሬቻው መስመር ላይ፣ አንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከዳሽቦርዱ ጥግ ተወትፏል። ሙያተኛ የሙያተኛን እጅ ያውቃል። ሁለት ጊዜ አጥፎ የሚያስረው ጎንፋ ነው። በሰማያዊ ናስትሮ የሚጠቀልለው ጉቱ ነው። ሌሎቹ ሁለቱም ከተማውን ለቀው የሄዱ የክፍል ጓደኞቼ ሥራ ናቸው። ሁሉም የምጣዱን ገመድ አይተዋል፤ ሁሉም ደንግጠዋል፤ ጋሼን ላለማሳፈርም ሁሉም በድብቅ አንዳንድ ፊውዝ ሸጉጠው ሄደዋል። አንዳቸውም ግን ዋናውን መስመር አይጠብቁም። የበር መቀርቀሪያ ረስቶ መስኮት ላይ ቁልፍ እንደ መደርደር ነው። ጨዋነት ይሉሃል ይህ ነው!

አምስተኛው በቀይ ናስትሮ የተጠቀለለ ነበር። እሱን ለማወቅ ብዙ መመርመር አላስፈለገኝም፤ የራሴ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የሞተር ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ ስሠራ ያስገባሁት ነው። የጋራዤ በር ላይ ደግሞ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብዬ በትልቁ አጽፌአለሁ።

በንዴት ጎንፋ ጋራዥ ሄድኩ። ጎንፋ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣል፤ የጋሼ የመጀመሪያው ዙር ተማሪ ነው። ከመኪና ሥር ሳይወጣ፣ እግሩ ብቻ እየታየ አዳመጠኝ። አዎ፣ አይቼዋለሁ፣ አሥር ዓመት ይሆነዋል አለኝ። ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም አልኩት። ከዚያ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ አንተ ጎበዝ ተማሪ ስለነበርክ አንተ ብትነግራቸው ይሻላል አለ። ደሜ ፈላ። ጥዬው ሄድኩ።

ወደ ሳያት የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ሳያት ጥሩ ነጋዴ ናት፤ ግን ዕቃው ለጋሼ መኪና መሆኑን ስትሰማ ጣት የሚያህል ገመድ ከመደርደሪያ አወረደችልኝ። ቀጭን ነው የምፈልገው አልኳት። ግራ ተጋባች። ለጋሼ ቀጭን ሽቦ መሸጥ ነውር መሰላት፤ ለሳቸውማ ወፍራሙ ነው የሚገባቸው አለች። እንግዲህ እኛ አገር ክብር በውፍረት ነው የሚለካው፤ ጋቢውም፣ እንጀራውም፣ ሽቦውም። ግማሽ ሰዓት ተከራክረን በመጨረሻ ከአንድ አሮጌ መሳቢያ አራት ትክክለኛ ፊውዝ ሽቦዎች አወጣች። የጋሼ ዋና መስመር ሦስት ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ የሽቦዎቹ ልክ አንድ ከሩብ። በካሊፐር ለካሁ፣ ክሮቻቸውን ቆጠርኩ፤ ልክ ናቸው። ሽፋናቸውም ነበልባል የማይዝ ዓይነት ነው።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ሠራሁ። የቀለጠውን መስመር ቆርጬ ቀየርኩ፣ የምጣዱን ገመድ አወጣሁ፣ ቀጭኗን በብሎን አሰርኩ። መስመሩ መጀመሪያ የት እንደተነካካ ግን አላገኘሁም። ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ብረት ግድግዳ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። እዚያ ለመድረስ ብዙ መፍታት ይጠይቃል፤ ጋሼ ደግሞ ነገ ማር ይቆረጣል ብለው ሁለት ጊዜ ደውለዋል። በሚመጣው ሳምንት አየዋለሁ ብዬ አስረከብኳቸው። ምን እንደቀየርኩ ሲጠይቁኝም፣ የቀለጠውን አስተካክዬዋለሁ አልኩ። ስለ ቀጭኗ ትንፍሽ አላልኩም። ጎንፋን ስሳደብ ውዬ እኔም ያው ጎንፋ ሆንኩ።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። «መክብብ፣ ቆመናል» አሉና ዘጉት።

ሚኒባስ ተሳፍሬ ሁሩሙ ሳይደረስ አንድ ወጣ ገባ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የሚኒባሱ ተሳፋሪ በመስኮት እያየ አለፈ። አንዱ፣ የመክብብ ሥራ መንገድ ላይ ያስቀራል ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። አዴ ዲሪቤ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ የሚያወርዳቸው አልተገኘም። ጋሼ ኮፈኑን ከፍተው በእጃቸው አንድ ገመድ ይዘዋል። ሳየው ማመን አቃተኝ። ሁለተኛ የምጣድ ገመድ ነው! ጫፉ ተልጦ፣ ተዘጋጅቶ፣ መሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ ይቀመጥ ነበር። የተቃጠለችውን ቀጭን ሽቦ ጥለው እሱን ሊያስሩ ብሎኑን ይዘዋል።

ያን ጊዜ እጃቸውን ያዝኩ። እድሜዬን ሙሉ ጋሼን ያለ ሰላምታ ነክቼ አላውቅም። እሳቸውም ደነገጡ፣ እኔም ደነገጥኩ።

«ጋሼ፣ ይህን አያስገቡም» አልኩ። «ይህን ያስገባ ሰው ፊውዝ ምን እንደሆነ የማያውቅ ነው።»

እጃቸውን አላስለቀቁም። በክፍል ውስጥ መልስ የሚጠብቁ ጊዜ እንደሚያዩት አድርገው አዩኝ።

«ፊውዝን ለአንተ ማን አስተማረህ?»

«እርስዎ።»

«ታዲያ የማላውቅ ይመስልሃል?»

ለስድስት ዓመት ያመቅኩት ንዴት አፌ ላይ ደርሶ መውጫ አጣ። ለካ ስህተት አይደለም። አውቀው ነው። ይህማ ይብሳል። እያወቁ ሚስታቸውን እሳት ላይ ያስቀምጣሉ? ይህንኑ ልናገር ስል አዴ ዲሪቤ በመስኮት ጠሩኝ።

«ና እስቲ ወዲህ፣ ኢልማ ኮ» አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «የኖፓን ነገር አታውቅም አይደል?»

አላውቅም ነበር። በ1997 ክረምት ኖፓ ወረዳ ለቅሶ ሄደው ጭቃ አዳልጧቸው እግራቸው ተሰበረ። ጋሼ በዚችው መኪና ጭነው ወደ መቱ ሆስፒታል ሲያመጧቸው ጫካው መሐል መኪናዋ ቀጥ አለች። መብራት የለ፣ ክላክስ የለ፣ ምንም የለ። ቀጭኗ ሽቦ ናት የተቃጠለችው። ጋሼ ምን እንደተቃጠለ ወዲያው አወቁ፤ ግን በእጃቸው አንዲት ቁራጭ ሽቦ አልነበረም። ዝናቡ ይወርዳል፣ አዴ ዲሪቤ ይጮኻሉ። አምስት ሰዓት ሙሉ መኪና አላለፈም። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና መጣና ሾፌሩ የሽቦ ቁራጭ ሰጣቸው። ጋሼ አስረውት መኪናዋ በአሥር ደቂቃ ተነሳች።

«አምስት ሰዓት፣ ለአሥር ደቂቃ ሥራ» አሉ አዴ ዲሪቤ። «አጥንቱ ዘግይቶ ታሰረ። ጉልበቴም በዚያው ደረቀ። እሱ በማግስቱ የምጣዴን ገመድ ቆረጠው። ወር ሙሉ እንጀራ ገዝተን በላን።»

ጋሼ ወደ ጫካው ዞረው ቆመዋል። ገመዱ እጃቸው ላይ ነው። «የምትቆም መኪና አልፈልግም» አሉ ሳይዞሩ። «እየተቃጠለችም ቢሆን ትሂድ። ማድረስ ነው ሥራዋ።»

አሳዘኑኝ። ግን እልሄ አልበረደም፤ እንዲያውም አሁን ምክንያት አገኘ። ይህን ሁሉ ዓመት ይህን የሚያህል ነገር ብቻቸውን ይዘው፣ እኛ ደግሞ በየጥጉ ፊውዝ እየሸጎጥን! የሐሙሱን ነገርኳቸው። ጭሱ ሲሞላ እንደቆጠርኩ፣ እኔና እሳቸው ሁለት ሆነን አዴ ዲሪቤን ለማውረድ እስከ ሰባ ስድስት እንደፈጀብን ነገርኳቸው። መንገድ ላይ ግን ሁልጊዜ ብቻዎን ነዎት አልኳቸው። አሁን እንኳ፣ ሳይቃጠል፣ ማውረድ አልቻሉም።

«ሰባ ስድስት?» አሉ ጋሼ።

«ሰባ ስድስት።»

ቁጥር ይወዳሉ። ሌላው ወሬ ሁሉ በአንድ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ቢወጣ ቁጥር ግን ይቀራል። ዞር ብለው አዴ ዲሪቤን አዩ፤ እግራቸውን አዩ፤ ከበሩ እስከ መሬት ያለውን ርቀትም አዩ። ይህችን ቀጭን ሽቦ ፈትቶ ሌላ ለመተካት ስንት እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ብሎኑን ፈትቶ፣ መልሶ አስሮ፣ አሥር ደቂቃ አልኳቸው።

«ብዙ ነው» አሉ። «የእኔ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ከሰባ ስድስት በታች አድርግልኝ። አለዚያ የምጣዱን ገመድ እመልሰዋለሁ።»

የቤት ሥራ ሰጡኝ ማለት ነው፤ በአርባ አምስት ዓመቴ፣ መንገድ ዳር። ተናደድኩ፣ ግን ገባኝም። እዚያው የመሪውን ሥር ፈትቼ ዓርብ የዘለልኩትን ቦታ አየሁ። መስመሩ በብረት ግድግዳው ላይ የሚያልፍበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበቱ ከወደቀ ቆይቷል። ባዶው የብረት ጠርዝ ጉድጓድ በተመታ ቁጥር ሽቦውን ይልጠዋል። የኖፓውም ይኸው ነው፣ የሐሙሱም፣ የዛሬውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም የሚያህል ጎማ የጎደለው ቀዳዳ ነው ያሰቃየን። የተላጠውን ጠቀለልኩ፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ቀዳዳውን አለበስኩ፣ ከያዝኳቸው ሽቦዎች አንዷን አስሬ ወደ ማራቸው ሸኘኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ስሳደብ ነው የሰነበትኩት። ብሎን የማይፈልግ፣ በእጅ ተስቦ በእጅ የሚገባ ሶኬት ሠራሁ፤ መጀመሪያ የሠራሁት ላላ፣ ቀጥሎ የሠራሁት ጠብቆ ለእኔም አልወጣ አለ። ሦስተኛው ተሳካ። የቀሩትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ጫፋቸውን በዚያው ልክ አበጀሁና መለዋወጫ አደረግኳቸው። አዴ ዲሪቤ የሽቦዎቹን መያዣ ከረጢት ሰፉ፤ ከኮፈኑ ሥር፣ እጅ ወዲያው የሚያገኛት ቦታ አሰርኳት።

በቀጣዩ ሐሙስ ጋሼ ለፈተና መጡ። እንደዚያ ነው ያሉት፣ ፈተና። ጎንፋንና ጉቱንም ጠርተዋቸዋል። አዴ ዲሪቤ ወንበራቸው ላይ ሆነው ይቆጥራሉ።

«አቃጥላት» አሉኝ ጋሼ።

በዋናው መስመር ላይ ሽቦ ቀጠልኩና ብረቱን አስነካሁት። ብልጭ አለ። ቀጭኗ ሽቦ ሽፋኗ አረፋ አወጣ፣ ትንሽ ጨሰች፣ አለቀ። ነበልባል የለም። የመኪናዋ መብራት ሁሉ ጠፋ። ጋሼ ከመሪው ወረዱ። አዴ ዲሪቤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ በኦሮምኛ ይቆጥራሉ፤ ድምፃቸው ቀስ ብሎ ከፍ ይላል። ጋሼ ኮፈኑን ከፈቱ። እጃቸው በጣም ይንቀጠቀጣል። ጎንፋ ሊያግዝ አንድ እርምጃ ሲነሳ ክንዱን ያዝኩት። ጋሼ የተቃጠለችውን ሳቧት፤ እንደ ማስቲካ ተለጥጣ ወጣች። ከከረጢቷ አዲሷን አወጡ፤ አንዴ ሳቷቸው፤ ሁለተኛው ላይ ቀጭ ብላ ገባች። ወደ መሪው ተመልሰው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተነሳ።

አዴ ዲሪቤ መቁጠር አቆሙ። አርባ አንድ ላይ ነበሩ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ይዘው አለቀሱ። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

ጋሼ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና አንድ የካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉ፤ ሰጡኝ። ስምንት ከአሥር ይላል።

እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ሳምንት ሙሉ ጣቴ ቆስሏል፣ ሰው ስቆብኛል፣ ሥራው ደግሞ በሰከንድ ተለክቶ አልፏል። ሁለቱ ለምን ተቀነሰ አልኳቸው።

«የምጣዱን ገመድ መጀመሪያ ያየኸው መቼ ነው?»

«ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ጋሼ።»

ጎንፋ ወደ በሩ አፈገፈገ። ጋሼ ግን አዩት። ቅዳሜ መንገድ ዳር የመሪውን ሥር ስፈታ አምስቱንም ፊውዞች እንዳዩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኋላ ነቅለው በመሐረብ ይዘዋቸዋል። የተማሪዎቻቸውን እጅ ያውቃሉ፤ ከተማውን የለቀቁትን የሁለቱን ኪሳቸው ውስጥ ተዉ፤ የጎንፋን ለጎንፋ፣ የጉቱን ለጉቱ ሰጡ። ባለ ቀዩን እጄ ላይ አኖሩት።

«እኔስ ፈርቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ፍርሃት ዓይን ይጋርዳል። እናንተ ግን አያችሁ። ዲሪቤ እዚያ ላይ ተቀምጣ በየቅዳሜው በፊታችሁ አለፈች። አይቶ ዝም ማለትን ነው ያስተማርኳችሁ?»

ጋሼ መሪያቸውን ያዙና ቀሪውን ማር ሊያስቆርጡ ወደ ሁሩሙ አቅጣጫ ሄዱ።